«ጊቭ» ማለት «ሰጠ» ብቻ ነው? የቃላት ዝርዝሮች የማይነግሩን ነገር

«ፕላንትስ ቴክ ኢን ካርበን ዳይኦክሳይድ ኤንድ ጊቭ ኦፍ ኦክስጅን።» ቃላቱ ትንሽ ይለያዩ እንጂ ይሄን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ከባዮሎጂ መጽሐፋችሁ አይጠፋም። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ዕፅዋት በፎቶሲንተሲስ ጊዜ ካርበን ዳይኦክሳይድ ያስገባሉ፣ ኦክስጅን ያስወጣሉ። እስቲ አሁን እንግሊዝኛን በቃላት ዝርዝር ብቻ የተማረ ልጅ እንዴት እንደሚያነበው አስቡ። «ቴክ» ወሰደ፤ «ኢን» ውስጥ፤ «ጊቭ» ሰጠ፤ «ኦፍ»... መብራት ማጥፊያው ላይ የተጻፈው? ይሄ ልጅ ስለ ፎቶሲንተሲስ በአማርኛ ብትጠይቁት አጥርቶ ይነግራችኋል። የጣሉት አራት አጫጭር ቃላት ናቸው እንጂ ሳይንሱ አይደለም።

ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የኬሚስትሪው መጽሐፍ «ዘ ሪአክሽን ቴክስ ፕሌስ» ሲል «ቦታ ወሰደ» ሳይሆን «ተካሄደ» ማለቱ ነው። ናይትሮጅን ከአየር 78 በመቶ ያህሉን «ሜክስ አፕ» ሲባል ከሊፒስቲክ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ የአየሩ 78 በመቶ ያህል ናይትሮጅን ነው ማለት ነው። ሙከራም «ካሪ አውት» ይደረጋል እንጂ ማንም ተሸክሞት አይወጣም። በአገራችን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ፣ በአንዳንድ ክልሎች ከዚያም በፊት፣ ሳይንስና ሒሳብ የሚሰጡት በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ እነዚህ ትንንሽ ግሶች የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ጣጣ ብቻ አይደሉም። የፊዚክስና የባዮሎጂ ውጤታችሁም ውስጥ እጃቸው አለበት።

ታዲያ ለዚህ ችግር የሚቀርብልን መድኃኒት ምንድን ነው? ዝርዝር። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ የሚባዛው፣ በቴሌግራም የሚዘዋወረው፣ በግራ የእንግሊዝኛው ግስ፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ቃል የተጻፈበት ዝርዝር። ዝርዝሩን አልንቀውም፤ ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ለመነሻም ይጠቅማል። ግን ሁለት ከባድ ጉድለቶች አሉበት።

የመጀመሪያው ጉድለት ከግሱ አጠገብ የሚቆመውን ስም መደበቁ ነው። ዝርዝሩ «ካሪ አውት፦ ፈጸመ» ይላችኋል። ስህተት የለውም፤ ትእዛዝም ጥናትም ሙከራም «ካሪ አውት» ይደረጋል። በአማርኛ ግን ጋብቻም ይፈጸማል። ዝርዝሩን አምናችሁ የአክስታችሁ ልጅ ጋብቻዋን «ካሪድ አውት» አደረገች ብላችሁ ብትጽፉ፣ የሚያነበው እንግሊዛዊ ግራ ይገባዋል። «ሠራ»ንም እዩት። እኛ የቤት ሥራም እንሠራለን፣ ስህተትም እንሠራለን። እንግሊዝኛ ግን ለቤት ሥራ «ዱ»ን፣ ለስህተት «ሜክ»ን ይመርጣል። ፎቶ «ቴክ» ይደረጋል፤ ንግግር «ሜክ»ም «ጊቭ»ም ይሆናል። ፈተና ደግሞ ተማሪው «ቴክ» ሲያደርግ መምህሩ «ጊቭ» ያደርጋል። ግሱን የሚመርጠው ስሙ ነው፤ ዝርዝሩ ላይ ግን ስሙ የለም።

ይሄ የእንግሊዝኛ አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሌባ ያዘ፣ ቀጠሮ ያዘ፣ ቂም ያዘ፣ ጉንፋን ያዘው እንል የለ? አማርኛ የሚማር የውጭ አገር ሰው «ያዘ»ን በአንድ ቃል ተርጉሞ ቢሸመድድ ቂም በእጅ የሚጨበጥ ነገር ይመስለዋል። «ቁጭ አለ» ስንልም ሰውየው አንድ ቃል አልተነፈሰም። እኛ ይሄን ያወቅነው በዝርዝር አይደለም፤ ቃላቱን አብረው ሲውሉ እየሰማን ነው።

የእንግሊዙ የቋንቋ ምሁር ጆን ሩፐርት ፈርዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያስተማረው ይሄንኑ ነበር፦ የቃልን ማንነት ማወቅ ከፈለግን ባልንጀሮቹን እንይ። ሐሳቡን ወደ ተግባር ከለወጡት አንዱ ጆን ሲንክሌር ነው። በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የመራው ቡድን በሚሊዮን የሚቆጠር ቃል ያለው ጽሑፍ በኮምፒውተር ሰብስቦ፣ እ.ኤ.አ. በ1987 «ኮቢልድ» የተባለውን መዝገበ ቃላት አወጣ። እዚያ ላይ ፍቺው ራሱ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ቃሉ ከእነማን ጋር እንደሚውል ከትርጉሙ ጋር አብሮ ይታያል። የእኛ ዝርዝር ያጣው ይሄን ነው።

ሁለተኛው ጉድለት ይብሳል። ዝርዝሩም፣ ዝርዝሩን የሚያስጠኑንም «ይሄ ፈሊጥ ነው፣ ሥርዓት የለውም፣ በቃ ሸምድዱ» ይሉናል። ሳሙኤል ጆንሰን ግን እንዲህ አላሰበም። እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታዋቂ መዝገበ ቃላት መግቢያ ላይ፣ ከግስ በኋላ የሚገቡት ትንንሽ ቃላት የውጭ አገር ሰዎችን እጅግ እንደሚያስቸግሩ ጽፏል። ቀጥሎም በመዝገቡ ያልተካተቱትን ከተካተቱት ጋር በማነጻጸር መረዳት እንደሚቻል ተናግሯል። ማነጻጸር የሚሠራው ደግሞ የሚደጋገም ሥርዓት ሲኖር ነው።

እስቲ እናነጻጽር። «ከት ኦፍ» ቆርጦ ለየ። «ፎል ኦፍ» ከነበረበት ወደቀ። «ቴክ ኦፍ» ለልብስ ሲሆን ከገላ ተለየ፣ ለአውሮፕላን ሲሆን ከመሬት ተለየ። መብራቱስ? ኤሌክትሪኩ ተቋረጠበት። እንግዲህ «ኦፍ» በእነዚህ ሁሉ ውስጥ መለየትን ይዟል። አሁን «ጊቭ ኦፍ ኦክስጅን» ጋ ተመለሱ፦ ጋዙ ከተክሉ ተለይቶ ይወጣል። እንቆቅልሽ መሆኑ ቀረ አይደል? «አፕ»ም እንደዚሁ ነው። «ኢት አፕ»፣ «ድሪንክ አፕ»፣ «ዩዝ አፕ» ውስጥ ጨርሶ፣ ጠርጎ፣ ምንም ሳያስቀር ማለት ነው።

እንዲያውም አማርኛ ተናጋሪ በዚህ ነገር እንግዳ ሊሆን አይገባውም። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ነው፤ ለሰውየው ግን ልዩነቱ ነጻ በመውጣትና በመታሰር መካከል ነው። «ሳቀለት» እና «ሳቀበት»ም ያው ነው። እንግሊዝኛ ይሄን ሥራ ለመስተዋድድ ይሰጠዋል። ኳሱን «ስሮው ቱ» ካደረጋችሁ እንዲቀልበው ወረወራችሁለት፤ «ስሮው አት» ካደረጋችሁ ሊመታው ወረወራችሁበት። የእኛው «ለት» እና «በት» ማለት ነው! ይሄን አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ «ሻውት አት» የሚለውን ሲያገኝ ዝርዝር አይፈልግም፤ ጮኸበት ብሎ በራሱ ይገምታል።

ነገሩን ግን አናጋን። «እያንዳንዱ ትንሽ ቃል አንድ ሥዕል አለው፣ ሥዕሉን ካወቃችሁ ሁሉንም ታውቃላችሁ» የሚሉም አሉ። ያም ልክ አይደለም። «ጊቭ አፕ» ተስፋ መቁረጥ ወይም መተው መሆኑን ከ«ሰጠ» እና ከ«ጨርሶ» ብቻ በእርግጠኝነት ማውጣት ከባድ ነው። ትርጉሙን ካወቃችሁ በኋላ ግንኙነቱ ሊታያችሁ ይችላል፤ አስቀድሞ መተንበይ ግን ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ሥርዓቱ ሸክሙን ያቀልላችኋል እንጂ ሙሉ በሙሉ አያወርድላችሁም፤ የሚሸመደድ ነገር ይቀራል።

በሚቀጥለው ጊዜ እጃችሁ የገባውን ዝርዝር ሁለት ነገር ጠይቁት። ግሱ ከየትኛው ስም ጋር እንደሚሄድ ያሳያል? «ኦፍ» ያላቸውን አንድ ላይ፣ «አፕ» ያላቸውን አንድ ላይ አድርጎ እንድታነጻጽሩ ይረዳችኋል? ሁለቱም ከሌለው የራሳችሁን ሥሩ፤ ምንጩ ደግሞ የሳይንስ መጽሐፋችሁ ይሁን። «ጊቭ ኦፍ» ብቻ አትጻፉ፤ «ጊቭ ኦፍ ሂት»፣ «ጊቭ ኦፍ ላይት» ብላችሁ ከነስሙ ጻፉት። ለመጀመሪያ የሚሆናችሁ አንድ ልስጣችሁ፦ ኢንዛይሞች ስታርችን «ብሬክ ዳውን» ያደርጋሉ ይባላል። «ብሬክ» ሰበረ መሆኑን ታውቃላችሁ። «ዳውን» እዚህ ምን ይሠራል? ከመዝገበ ቃላቱ በፊት ራሳችሁ ገምቱ።