«ረስት» እና ያልተፈተሸው ሽጉጥ

የዳይሬክተር ጆኤል ሱዛ ፊልም «ረስት» ሳያስበው ሰው ስለገደለ ልጅ ይተርካል። ዘመኑ 1880ዎቹ፣ ቦታው ምዕራብ አሜሪካ ነው። ሉካስ የተባለ የ13 ዓመት ልጅ አንድ ከብት አርቢ በስህተት ተኩሶ ይገድላል፤ ስቅላት ሲፈረድበት፣ አሌክ ባልድዊን የሚጫወተው ሽፍታ አያቱ ከእስር አውጥቶ ይዞት ይሸሻል።

ፊልሙን ከአሠራሩ ለይቶ ማየት ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2021 ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ በልምምድ ላይ ባልድዊን የያዘው ሽጉጥ ተኩሶ ሲኒማቶግራፈሯን ሃሊና ሃቺንስን ገደለ፤ ሱዛንም አቆሰለ። ሃቺንስ የጀመረችውን ሥራ ቢያንካ ክላይን ጨርሳዋለች። በበር አፍ ላይ እንደ ጥላ የሚቆሙት ሰዎችና የአመሻሹ ብርሃን ከታሪኩ የበለጠ ይናገራሉ፤ ድርሰቱ ግን ከሁለት ሰዓት በላይ ይንዛዛል።

ሽጉጡ የ1873ቱ ኮልት ቅጂ ነበር። በዚያ ንድፍ መዶሻው ሲወርድ መርፌው በቀጥታ የጥይቱ ካፕሱል ላይ ያርፋል፤ ቢወድቅ ሊባርቅ ይችላል። ጠንቃቆች አምስት ጥይት ብቻ አጉርሰው መዶሻውን በባዶው ጉድጓድ ላይ የሚያሳርፉት ለዚህ ነው። ሩገር በ1973 ምላጩ ካልተሳበ የመዶሻው ምት መርፌው ጋ እንዳይደርስ የሚያደርግ ብረት አስገባ። ባልድዊን ምላጩን አልሳብኩም ብሏል፤ ኤፍቢአይ ደግሞ መዶሻው ወደ ኋላ ተስቦ እያለ፣ የውስጥ አካሉ ሳይሰበር፣ ምላጩም ሳይሳብ ሽጉጡን ማስተኮስ አልቻለም።

ይህ ክርክር ዋናውን ነገር ያስረሳል ብዬ አምናለሁ። የማስመሰያ ጥይት ከእውነተኛው እንዲለይ ብዙውን ጊዜ ሲነቀነቅ ይንኳኳል፣ ወይም ጎኑ የተበሳ ነው። እያንዳንዱን አውጥቶ ማየት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ያ በወጉ ሳይደረግ ሽጉጡ አደጋ የለውም ተባለ፤ አፈሙዙም ወደ ሰው ዞረ። የትኛውም ብረት ይህን ፍተሻ አይተካም። የመሣሪያ ኃላፊዋ 18 ወር ተፈርዶባታል።

ፊልሙን የምወቅሰውም እዚሁ ላይ ነው። ልጁ የተኮሰበትን ቅጽበት፣ ጣቱና ዓይኑ የት እንደነበሩ ሊመረምር ሲገባው፣ ወደ ፍርዱና ወደ ሽሽቱ ይቸኩላል። ጥፋትን ከዕድል ጋር ሲያምታታ የገዳዩም የሟቹም ሕመም ይደበዝዛል።

ሃቺንስ የሞተችበትን የቤተ ክርስቲያን ትዕይንት መተዋቸው ተገቢ ነው። በ2023 ሞንታና ላይ ቀረጻው ሲቀጥል የሚተኩስ መሣሪያ ተከልክሎ ነበር። የትኛው ተኩስ ከየትኛው ቀረጻ እንደመጣ በዓይኔ መለየት አልቻልኩም።