የድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ ታሪክ አጻጻፍ

ስለ ድሬዳዋ ምድር ባቡር ጣቢያ የሚጻፈው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ዳግማዊ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለሙሴ አልፍሬድ ኢልግ ከሰጡት ፈቃድ ነው። ከዚያም ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱን ይተርክና ከተማይቱን የኩባንያው ስጦታ አድርጎ ይፈጽማል። ዘመኖቹ እውነት ናቸው፤ ፍርዱ ግን ጐደሎ ነው።

በፈቃዱ የተጠቀሰው የመጀመሪያ መስመር ከጅቡቲ እስከ ሐረር ነበር። ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ስለ ሆነ ሐዲዱ ከግርጌው በሜዳው አለፈ። እንግዲህ የጣቢያውን ስፍራ የወሰነው ከኩባንያው ይልቅ ተራራው ነው። ከተማይቱ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» መባሏም ይህንኑ ይመሰክራል።

ሁለተኛው ጕድለት ከዚህ ይብሳል። በደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን ኩባንያው መንገዱን አቅንቶ የሠራው ከዚራ፣ በሌላው ወገን የኦሮሞ፣ የሶማሌና የሐረሪ ገበያተኛ የሚገናኝበት መጋላ ይገኛሉ። የኩባንያውን መዝገብ ብቻ የሚከተል ጸሐፊ ከዚራን እንጂ መጋላን አያይም። ጭነት ያመላለሰውና ሐዲድ የጠገነው ሕዝብ ታሪኩ በአብዛኛው በቃል የሚኖር ነው።

አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መስመር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል፤ በአሮጌው ሐዲድ ያገለገሉት ሽማግሌዎችም እያለፉ ነው። ቃላቸው ሳይጻፍ ከቀረ ለተከታዩ ትውልድ የሚተርፈው የኩባንያው ታሪክ እንጂ የጣቢያው ታሪክ አይሆንም።