ሰማዩን የመዘገበው ሠዓሊ

ሥዕል ስታዩ ጀርባውን ለማየት አስባችሁ ታውቃላችሁ? ሙዚየም ውስጥ ማገላበጥ አይፈቀድም። ግን የእንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል (ስሙ እኛ ጋ የፖሊስ ማዕረግ ነው፤ እሱ ግን ሠዓሊ ነበር) የሰማይ ሥዕሎች ጀርባቸው ከፊታቸው አይተናነስም። አንዱ ላይ የሰፈረው ማስታወሻ እንዲህ ይነግረናል፦ ቦታው ሃምፕስቴድ፣ ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1821 እ.ኤ.አ.፣ ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ 4 እስከ 5። ደመናው ብርማ ግራጫ፣ ነፋሱ ቀላል የደቡብ ምዕራብ፣ ቀኑን ሙሉ ጥሩ አየር፤ ሌሊቱን ግን ዘነበ።

የመጨረሻዋን ነገር ልብ በሉ። ሥዕሉ የተሠራው ረፋድ ላይ ነው፤ ዝናቡ የመጣው ሌሊት። ስለዚህ ሰውየው ሥዕሉን ጨርሶ ዘወር አላለም። ያ ደመና መጨረሻው ምን እንደሆነ ጠብቆ፣ ተመልሶ ጻፈ። ይህ የተመራማሪ ጠባይ ነው እንጂ ቆንጆ ነገር ሥሎ የሚሸጥ ሰው ጠባይ አይደለም።

ጠባዩ ከየት መጣ? በ1776 ሰፎክ በተባለው አውራጃ ሲወለድ አባቱ የወፍጮ ባለቤት ነበር፤ ልጁም በወጣትነቱ በነፋስ የሚዞር ወፍጮ ላይ ሠርቷል። ወፍጮውን የሚያዞረው ነፋስ ከሆነ ደመና ማንበብ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ አውሎ ነፋስ መምጣቱን ያላየ ወፍጮውን ያሰብራል።

ሃምፕስቴድ ከለንደን በስተሰሜን ያለ ከፍታ ቦታ ነው። ኮንስታብል እዚያ ቤት የተከራየው ለሥዕል ብሎ ብቻ አልነበረም። ሚስቱ ማሪያ ሳንባዋን ታማ ስለነበር ከከተማው የከሰል ጭስ ሊያርቃት ፈልጎ ነው። በ1821 እና በ1822 እዚያው ደጅ ተቀምጦ፣ ወረቀት ላይ በዘይት ቀለም፣ ሰማይ በሰማይ የሆኑ ሥዕሎችን ደጋግሞ ሠራ። ቀለም በቱቦ መሸጥ የጀመረው እሱ ከሞተ በኋላ በ1841 ነው፤ ያን ጊዜ ሠዓሊዎች ቀለም ይዘው የሚዞሩት በአሳማ ፊኛ ቋጥረው ነበር። ደመናው ደግሞ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ስለዚህ እጅ መፍጠን አለበት፤ ብሩሹ የሮጠበት መስመር ዛሬም ይታያል። ሉክ ሃዋርድ የተባለው መድኃኒት ቀማሚ ለደመናዎች ኩሙለስ፣ ስትራተስ፣ ሲረስ የሚሉ ስሞች ካወጣ ገና ሃያ ዓመት እንኳን አልሞላም ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ምርጥ ሥራዎቹ እነዚህ ናቸው። ዝነኛው «የሣር ጋሪ» (1821) በ1824 ፓሪስ ላይ የወርቅ ሜዳሊያ አስገኝቶለታል፤ መጥፎ ነው አልልም። ግን ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ሸራ ነው፤ የተሣለውም ወንዙ ዳር ሳይሆን ለንደን፣ የሥዕል ክፍሉ ውስጥ ነው። ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል፤ ትንሽ በዝቶ። ወረቀቶቹ ላይ ግን ነፋስ አለ።

አሁን ወደሚያከራክረው ሥዕል እንምጣ። ማሪያ በ1828 በሳንባ ነቀርሳ ሞተች፤ ሰባት ልጆች ጥላ። በ1831 ኮንስታብል የሳልስበሪን ካቴድራል ከሜዳው በኩል ሲሥል በላዩ ላይ ትልቅ ቀስተ ደመና ዘረጋበት። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ ያ ቀስተ ደመና ሊኖር አይችልም።

ለምን? የማርያም መቀነትን የምታዩት ፀሐይ ከጀርባችሁ ስትሆን ብቻ ነው። የቀስቱ መሃል ከፀሐይ ትክክለኛ ተቃራኒ ላይ ይውላል፤ ቀስቱ ራሱ ከዚያ ነጥብ 42 ዲግሪ ያህል ይርቃል። ሥዕሉ ውስጥ ግን የብርሃኑ አቅጣጫና የቀስቱ ቦታ አይስማሙም። የኮንስታብልን ሰማዮች ያጠናው የሜትሮሎጂ ምሁር ጆን ቶርንስ የፀሐይዋን ቦታ አስልቶ ይህንኑ አሳይቷል።

«ታዲያ ምን አለበት፣ ሥዕል እኮ ነው!» ትሉ ይሆናል። ለሌላ ሠዓሊ ቢሆን እኔም እስማማ ነበር። ነገር ግን ይህ ሰው በ1836 ለንደን ውስጥ ሮያል ኢንስቲትዩሽን መድረክ ላይ ቆሞ ሥዕል የተፈጥሮን ሕግ የሚመረምር ሳይንስ ነው ብሎ የተከራከረ ነው። በራሱ ሚዛን ሲመዘን ቀስተ ደመናው ወድቋል።

ለማዘን ደግሞ በቂ ምክንያት ነበረው። የቀስቱ ጫፍ የሚያርፈው የልብ ወዳጁ ቄስ ጆን ፊሸር በኖረበት ቤት ላይ ነው። ያን ወዳጅነት ሸራው ላይ ማኖሩ ይገባኛል። እኔን የሚያስከፋኝ ፊዚክሱ መጣሱ ብቻ አይደለም፤ ቀስቱ ተስፋ አለ ብሎ ጮክ ብሎ መናገሩ ነው። ከሥሩ ያለው የተናወጠ ሰማይ ያለ እሱም ብዙ ይናገራል። ሥዕሉን ስልካችሁ ላይ ስትከፍቱ ቀስቱን በጣታችሁ ሸፍኑትና ደመናውን ብቻ እዩት።