የ«ጎልጎታ» ቀይ ቀለም

ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ትምህርቱን በጀርመን አገር በኮሎኝ ከተማ ፈጽሞ ከተመለሰ በኋላ፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1963 ዓ.ም. ሥራዎቹን በአዲስ አበባ ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ፥ «ሥዕሉ የአገር አይደለም» የሚል ነቀፌታ ደርሶበት ነበር። ደጋፊዎቹ አባቱ ካህንና የብራና ሠዓሊ እንደ ነበሩ በማስታወስ ይከራከሩለታል። ይሁን እንጂ የትውልድ ሐረግ ለሥዕል ምስክር ሊሆን አይችልም፤ ምስክሩ ከሥዕሉ ውስጥ መገኘት አለበት።

በዚያው ዓመት የተሣለው «ጎልጎታ» ለዚህ ምርመራ ይመቻል። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል የተሰቀለው አካል በጥቁር መሥመር ይከበባል፤ ቀለሙም ከመሥመሩ ሳይወጣ ይቀመጣል። ደሙ በነጠብጣብ ስለሚሣል ምእመኑ ቍስሉን አንድ በአንድ ለመቍጠር ይችላል። በ«ጎልጎታ» ግን ቀዩ ቀለም ሥዕሉን በመላው ይገዛዋል። ሕመሙን የሚናገረው የፊት ገጽታ ወይም የእጅ ምልክት ሳይሆን ቀለሙ ራሱ ነው። የቀለሙም አቀባብ ሻካራ ስለሆነ ዓይን በላዩ ተንሸራቶ አያልፍም፤ እየተሰናከለ ይዘገያል።

ሠዓሊው ይህን መንገድ ከጀርመን ኤክስፕሬሲዮኒስቶች መማሩ አይካድም። ነገር ግን ከውጭ የመጣ ሁሉ ባዕድ ሆኖ አይቀርም። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይዘምቱ የነበረው፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1868 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው የኵርዓተ ርእሱ ሥዕል የአውሮፓዊ እጅ ሥራ እንደ ሆነ ይታመናል። የአገር ያደረገው የሣለው እጅ ሳይሆን በፊቱ የቀረበው ጸሎትና የፈሰሰው እንባ ነው። እንግዲህ ለ«ጎልጎታ» የሚገባው ጥያቄ «ከወዴት መጣ?» የሚል ሳይሆን «ተመልካች በፊቱ ቆሞ ሊያዝን ይችላልን?» የሚል ነው። መልሱም «ይችላል» ነው።

ሆኖም «ጎልጎታ» የስሙና የታሪኩ እርዳታ አለው። ረቂቅ ሥዕሎቹ ይህ እርዳታ ስለሌላቸው ስሜቱን የሚሸከሙት ቀለሙና ገጹ ብቻ ናቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ከጌጥነት አያልፉም። ሠዓሊውን የሚያከብር ሐያሲ ይህንንም ሊሰውር አይገባውም።

ዛሬ በስሙ የተሰየመው ሙዚየምና የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሁለቱም በስድስት ኪሎ ይገኛሉ። ተማሪው በአንድ ጧት ከጥንቱ ሥዕል ወደ አዲሱ በእግሩ ተሻግሮ ፍርዱን በገዛ ዓይኑ ሊሰጥ ይችላል።