የእብድ ውሻ ቫይረስንና ዱካውን የሚከተሉትን ሳስብ

ቀበና ወንዝ ዳር ማታ ማታ ውሾች በመንጋ ሲሄዱ ያየ ሰው የእብድ ውሻ በሽታን ከሩቅ አያስበውም። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ «ፓስተር ውሰዱት» ይባላል፤ የእብድ ውሻ ክትባት ያዘጋጅ የነበረው ተቋም ስም ቢቀየርም ሕዝቡ የድሮውን አልተወውም። ለብዙ ዓመታት አገር ውስጥ ይዘጋጅ የነበረው ክትባት ከእንስሳት አንጎል የሚሠራ፣ ሆድ ላይ ተደጋግሞ የሚወጋ ነበር።

እኔ ከልቤ የማደንቀው ዶክትሬታቸውን ጨርሰው፣ ቋሚ ቦታ ሳያገኙ፣ ቫይረሱ ሴል ውስጥ ምን እንደሚሠራ ዓመታት የሚከታተሉትን ተመራማሪዎች ነው። ቫይረሱ ያለው 5 ጂን ብቻ ነው። በንክሻው ጡንቻ ውስጥ ይገባል፤ ጡንቻና ነርቭ በሚገናኙበት ቦታ የነርቩን ጫፍ ይይዛል፤ ከዚያም ሴሉ የራሱን ዕቃ በሚያጓጉዝበት ፕሮቲን ተሳፍሮ ወደ አንጎል ሽቅብ ይወጣል። በቀን የሚጓዘው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ሊቀድመው ይችላል። ስንቱን ሰው ያተረፈችው ይህች ክፍተት ናት! ቁስሉን ወዲያው ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡ የሚባለውም በከንቱ አይደለም፤ የቫይረሱ ሽፋን ቅባት ስለሆነ ሳሙና ያፈርሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ ተመራማሪዎች ከ5ቱ ጂኖች አንዱን አውጥተው ቫይረሱ ከአንድ ነርቭ ሴል ወደ ጎረቤቱ ብቻ እንዲሻገር አደረጉት። አንጎል ውስጥ የትኛው ሴል ከየትኛው እንደሚገናኝ ዛሬ በብዙ ላቦራቶሪ የሚታወቀው በዚሁ ገዳይ ቫይረስ ነው።