ከሙጫ የሚወጣ እንጆሪ

አንዲት የእንጆሪ ማስቲካ ሁለት ግራም ተኩል ብትመዝን ነው። አብዛኛው አካሏ ስኳርና ሙጫ ሲሆን መዓዛ የሚሰጣት ቅመም ከመቶ አንድ እጅ ገደማ ነው፤ ተሰብስቦ ቢንጠባጠብ አንዲት ጠብታ ዘይት ቢያክል ነው። ይህች ጠብታ ጥርስ ካረፈባት ቅጽበት ጀምሮ የበሰለ እንጆሪ በአፍ ውስጥ ታቆማለች። ፍሬው በቦታው የለም፤ ብዙውን ጊዜ ጭማቂውም የለም። ያለው የሰው እጅ ሥራ ነው፤ ቀርቦ ላየው ደግሞ እጅግ የረቀቀ ሥራ ነው።

ሥራው የሚጀምረው የምላስን ድርሻ በልኩ ከማወቅ ነው። ምላስ ጣፋጩን ከኮምጣጣው፣ ጨዋማውን ከመራራው ይለያል። እንጆሪን ከኮክ፣ ሙዝን ከአናናስ የሚለየው ግን አፍንጫ ነው። ስናኝክ ከማስቲካው የሚተነው መዓዛ ከጉሮሮ ጀርባ ሽቅብ ወደ አፍንጫ ይወጣል፤ አእምሮም ከምላስ የመጣውንና ከአፍንጫ የመጣውን አዋህዶ አንድ ጣዕም ያደርገዋል። አፍንጫን ይዞ ለሚያኝክ ሰው የሚቀረው ጣፋጭና ኮምጣጣ ብቻ ነው። እጁን ሲያነሳ ፍሬው ይመለሳል።

በእውነተኛው እንጆሪ ውስጥ ከ300 በላይ የሚተኑ ውሁዶች ተለይተዋል። ጣዕም ቀማሚው ሁሉንም አይቀዳም፤ ፍሬውን የሚያሳውቁትን ጥቂቶች ይመርጣል። ኢስተር ከሚባሉት መዓዛማ ውሁዶች አንዱ የሆነው ኢታይል ቡቲሬት ጭማቂ የሞላው ፍሬ ስሜት ይሰጣል፤ ብቻውን ሲሸተት ግን ወደ አናናስ ያደላል። ፉራኒዮል በእሳት የተጠበሰ ስኳር ይሸታል፤ ብስለቱን የሚያመጣው እሱ ነው። ጋማ ዴካላክቶን ወደ ኮክና ወደ ክሬም የሚያዘነብል ልስላሴ አለው። ሲስ-3-ሄክሰኖል ደግሞ ገና የታጨደ ሣር ሽታ ነው። ከአራቱ አንዱም ብቻውን እንጆሪ አይደለም፤ ልካቸው ሲገጥም ግን አፍንጫ አራቱን ትቶ አንድ ፍሬ ያሸታል። የሣሩ ሽታ ጥቂት ከበዛ ፍሬው ጥሬ ይሆናል፤ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የሚሸተው ከረሜላ ነው። ፍሬ የማይመስለውን ነገር፣ ፍሬውን ሕያው እስኪያደርገው ድረስ ብቻ ማስገባት፦ የቀማሚው እጅ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

ሙያው ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1851 ለንደን ላይ በተካሄደው ታላቁ ኤግዚቢሽን በቤተ ሙከራ የተሠሩ የፒር፣ የአናናስና የፖም መዓዛዎች ለእይታ ቀርበው ነበር፤ ጀርመናዊው ኬሚስት አውጉስት ቪልሄልም ሆፍማንም መርምሯቸው ስለ ምንነታቸው ጽፏል። የሙዝ ማስቲካን ሙዝ የሚያሰኘው ኢሶአሚል አሲቴት የእነዚሁ መዓዛዎች ወገን ነው። ይህ ውሁድ የሙዝ ብቻ አይደለም፤ ንብ ስትናደፍ ሌሎቹን ለመቀስቀስ የምትለቀው ሽታ ዋና አካልም እሱ ነው።

ሐምራዊዋን የወይን ማስቲካ ያኘከ ሰው ‹‹ይህ እኔ የማውቀው ወይን አይደለም›› ቢል እውነት አለው። ቀማሚዎቹ የተከተሉት ኮንኮርድ የተባለውን የአሜሪካ ወይን ነው፤ ኢፍሬም ዌልስ ቡል እ.ኤ.አ. በ1849 በማሳቹሴትስ ያወጣው ዝርያ ነው። የዚህ ወይን መለያ ሚታይል አንትራኒሌት የሚባል ውሁድ ሲሆን በተለመዱት የአውሮፓ ወይኖች ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ማስቲካዋ የራሷን ወይን በታማኝነት ይዛለች፤ የተለየው እኛ የለመድነው ወይን ነው።

መዓዛውን መቀመም ግን የሥራው ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ ከሙጫው ጋር መስማማት ነው። ድሮ ሙጫው በሜክሲኮና በጓቲማላ ደኖች ከሚበቅለው የሳፖዲላ ዛፍ የሚቀዳው ቺክል ነበር፤ ዛሬ በአብዛኛው እንደ ፖሊቪኒል አሲቴት ካሉ ሰው ሠራሽ ፖሊመሮች ይሠራል። ይህ ሙጫ ውሃን አይቀበልም፤ ዘይትነት ያለውን ግን ይስባል። የፍሬ ኢስተሮችን ውጦ ይይዛቸዋል፤ እነሱም በተራቸው ያለሰልሱታል። ስለዚህ መዓዛ በማብዛት ጣዕም ማጠንከር አይቻልም፤ ቅመሙ ከልኩ ካለፈ ሙጫው ይልፈሰፈሳል። የሙጫው መሙያ እንኳ ይታሰብበታል። በሚንት ማስቲካ ውስጥ ካልሲየም ካርቦኔት ያገለግላል። ኮምጣጣ በሆነው የፍሬ ማስቲካ ውስጥ ግን አሲዱ ከካርቦኔቱ ጋር ተዋህዶ ጋዝ ያወጣል፤ ኮምጣጣነቱም ይሞታል። ስለዚህ በቦታው ታልክ ይገባል። የሎሚ ማስቲካ ሎሚነቷን ይዛ ከፋብሪካ የምትወጣው ማንም በማያየው በዚህ ምርጫ ነው።

ከዚያ የጊዜው ጥበብ ይመጣል። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ስኳሩ በምራቅ ይሟሟል፤ እንደ ፉራኒዮል ያሉ ውሃ የሚወዱ መዓዛዎችም አብረውት ይወጣሉ። ሙጫን የሚወዱት፣ ለምሳሌ ጋማ ዴካላክቶን፣ በእያንዳንዱ ማኘክ ቀስ እያሉ ይለቀቃሉ። ኮምጣጣውም በተራ ይሰለፋል፦ ሲትሪክ አሲድ ቶሎ ነድፎ ያልፋል፣ ማሊክ አሲድ ረጋ ብሎ ይቆያል፣ በውሃ ለመሟሟት የሚዘገየው ፉማሪክ አሲድ ኋላ ይደርሳል።

መዓዛውም ራሱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ እጅ ፈሳሽ እንደሆነ ከሙጫው ይቀላቀልና ለኋላ ይቀመጣል። ሌላው ከግራር ሙጫ ጋር በውሃ ተበጥብጦ በሞቀ አየር ውስጥ ይረጫል፤ ውሃው ሲተን እያንዳንዷ ቅንጣት በደረቅ ሽፋን ተከልላ ዱቄት ትሆናለች። ሽፋኑ ማስቲካው እስኪታኘክ ድረስ መዓዛዋን ይጠብቅላታል፤ ምራቅ ሲነካው ደግሞ ይሟሟል። የመጀመሪያውን የፍሬ ፍንዳታ የሚሰጠው ይህ ዱቄት ነው። የግራሩ ሙጫ የሚለቀመው ከሴኔጋል እስከ ሱዳን በተዘረጋው ቀበቶና በሀገራችንም ቆላዎች ነው። ፈሳሹ መዓዛ የሚጨመረውም ሙጫው ቀልጦ፣ ስኳሩ ገብቶ፣ ሥራው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ባለሙያ ሴት መከለሻውን ወጡ ሊወርድ ሲል እንደምትነሰንሰው፣ እሳት እንዳይወስደው።

‹‹ማስቲካው አለቀ›› የምንልበት ጊዜም የራሱ ምስጢር አለው። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ሚንት ማስቲካ በሚያኝኩ ሰዎች እስትንፋስ ውስጥ ያለውን መዓዛ ለክተዋል። አኛኪዎቹ ጣዕሙ እየደከመ እንደሄደ ሲናገሩ መዓዛው ግን ብዙም አልቀነሰም ነበር። ያለቀው ስኳሩ ነው። ጣፋጩ ሲሄድ አእምሮ አብሮት የነበረውን መዓዛ ችላ ይለዋል። ለዚህ ነው ጎበዝ ሠሪ ከጣፋጩና ከኮምጣጣው የተወሰነውን በስብ ወይም በፖሊመር ሸፍኖ የሚያዘገየው፤ መዓዛው ባልንጀራ አጥቶ እንዳይቀር።

ጣዕም ቀማሚ መሆን ረጅም ልምምድ ይጠይቃል፤ በአሜሪካ የጣዕም ኬሚስቶች ማኅበር ሙሉ ዕውቅና ለማግኘት በነባር ባለሙያ ሥር 7 ዓመት ያህል ይወስዳል። ከዚያ ሁሉ በኋላ የቀማሚው ስም በማሸጊያው ላይ አይወጣም፤ ቀመሩም የድርጅት ምስጢር ሆኖ ይቆለፋል። ሙያ በልብ ነው የሚለው የአበው አባባል ለእነዚህ ሰዎች በትክክል ይገባል።

ስለዚህ የፍሬ ማስቲካን በመጀመሪያው ንክሻ ብቻ አንመዝናት። ጣፋጭ ማድረግ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ጣፋጩ፣ ኮምጣጣውና መዓዛው ሳይቀዳደሙ አብረው እንዲደክሙ ማድረግ ነው። ከብዙ ደቂቃ በኋላም ፍሬው ሳይበታተን፣ እንደ አንድ ነገር እየሳሳ ከሄደ፣ ያኘክነው በጥንቃቄ የተሠራ ሥራ ነው፤ ስሙን የማናውቀው ቀማሚም ከልብ ምስጋና ይገባዋል።