የተዘጋ ሱቅና የተሰረቀ ቴያትር

አበው «ቤቱን ክፍት ትቶ ሰውን ሌባ ይላል» ብለው ተርተዋል። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ኩባንያዎች ግን ሱቃቸውን በገዢ ላይ ዘግተው ሌባ ሌባ ሲሉ ቆዩ። በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 1997 ዓ.ም. «ባትልስታር ጋላክቲካ» የተባለው ተከታታይ ቴያትር በእንግሊዝ አገር መታየት ሲጀምር፥ ለአሜሪካ ተመልካች እስከ ጥር ድረስ ዘገየበት፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ሳይከፍል ከኢንተርኔት ቀዳው። ኤ ቢ ሲ የተባለው ጣቢያ በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ቴያትሮቹን በታዩ ማግስት በአፕል ሱቅ አንዱን ክፍል በ1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ማስሸጡ የብልህ ሥራ ነው።

የኤች ቢ ኦ ጌታ የነበረው የታይም ዋርነር አለቃ ጄፍ ቢውክስ ግን በ2005 ዓ.ም. «ጌም ኦፍ ትሮንስ» ከሁሉ ይልቅ መሰረቁ ከኤሚ ሽልማት ይበልጣል ማለቱን አናመሰግንለትም። ዝናው ደንበኛ ያመጣል ቢባልም፥ የደራሲውና የተዋናዩ ደመወዝ ከዝና አይከፈልም፤ ስርቆትን የከለከለው ትእዛዝም በሽልማት አይሻርም። ኤች ቢ ኦ ራሱ በ2007 ዓ.ም. የኬብል ውል ለሌለው አሜሪካዊ በወር በ14 ዶላር ከ99 ሳንቲም በሩን በከፈተ ጊዜ እውነተኛውን መልስ በሥራ ሰጠ።

እንግዲህ ሰራቂው በገበያው መዘግየት አያመካኝ፤ ነጋዴውም በሩን ዘግቶ አይክሰስ።